ውሃ የቋጠረውን ጉበት ለውሻ አንወርውር

የጨነቅ፣ የአምባራስና የሳንቃበር ሰዎች፤ የደባርቅና የዳባት ነዋሪዎች! በግ ስታርዱ ደጋግማችሁ ያያችሁትን ነገር ላንሳ። ሆዱ ተከፍቶ ጉበቱና ሳንባው ሲወጣ፣ አንዳንዴ ላዩ ላይ ነጣ ያለ፣ የተወጠረ ቋጠሮ ይገኛል። የቢላዋው ጫፍ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል፤ ልጆች ይስቃሉ። አራጁም «ይሄስ አይበላም» ብሎ ይቆርጥና ከደጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ለዋለው ውሻ ይወረውርለታል።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ያን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ቢያቆዩት ከሥሩ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነገር ይዘቅጣል። አሸዋ የሚመስለው የትል ራስ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በውሻው አንጀት ውስጥ አንድ ትል ልትሆን ትችላለች። ትሉ ኤኪኖኮከስ ይባላል፤ ከኮሶ ትል ወገን ሆኖ ሳለ ርዝመቱ ከ7 ሚሊሜትር አያልፍም። በሺህ የሚቆጠር ትል የተሸከመ ውሻ አይከሳም፣ አይተኛም፤ እንደ ወትሮው ይጮኻል፣ ጅብ ያባርራል። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር በዓይን የማይታይ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ፣ ምንጩ ዳር፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፤ ጉበቱም መልሶ ውሃ ይቋጥራል። እረኛው ልጅ ደግሞ ውሻውን ሲዳብስ ውሎ በዚያው እጁ ቆሎ ይዘግናል።

ትሉ ሰውንም ያሳምማል፤ ብዙ ሰው ግን በሽታው ከበግ ሥጋ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ቋጠሮው የነበረበትን ጉበት ሰው ቢበላው እንኳ በሽታው በዚያ አይዘውም፤ የሚይዘው ከውሻ የወጣውን እንቁላል ሲውጥ ነው። ለዚህ ነው ሥጋ በልቶ የማያውቅ ሕፃን ጭምር የሚታመመው።

በሰው ውስጥ ቋጠሮው ቀስ እያለ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባ ላይ። 5 ዓመት፣ 10 ዓመት ምንም ላይሰማ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከቀኝ ጎድን ሥር መክበድና ሕመም፣ ሳንባ ላይ ከሆነም ሳል ይመጣል። ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሆዱ ያበጠን ሰው አታሹ፣ አታሳሹ፤ ሐኪም ቤት ወስዳችሁ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሕክምናው ወይ ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል ነው፣ ወይ ቀዶ ሕክምና። ከጨነቅ ተነስቶ ለቀዶ ሕክምና ጎንደር መውረድ ስንት በግ እንደሚያሸጥ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

«እኛ አገር ይህ የለም» የሚል አይጠፋም። በባሕር ዳር ቄራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከታረዱት 3 ከብቶች በ1ዱ ገደማ ይህን ቋጠሮ አግኝቷል። ያ ቄራ ነው፤ መርማሪ አለው። ሠርጋችን፣ ተዝካራችን፣ ፋሲካችን ግን የሚታረደው በየደጃችን ነው፤ ውሻው እንጂ መርማሪ አይመጣም። የጨነቅ ብርድም ለዚህ እንቁላል ወዳጁ እንጂ ጠላቱ አይደለም። የሚገድለው ሙቀትና ድርቀት ነው፤ በ3,600 ሜትር ከፍታ እርጥብ ሣር ላይ ብዙ ወራት ይቆያል።

አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ ዋጋ የለውም። የእኔን ውሻ አክሜ የጎረቤቴ ውሻ የተጣለ ሳንባ ቢያገኝ ልፋቴ ገደል ገባ። ጥሪዬም ለመንደር የሆነው ለዚህ ነው።

በየመንደሩ፣ እርድ በሚበዛበት ቦታ፣ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈር። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ሁሉ እዚያ ይግባ፤ ውሻ እንዳይምሰው በድንጋይ ይከደን። ግማሽ ሰዓት አፍልቶ መስጠትም ይቻላል፤ ግን እንጨት ባጣ አገር ለውሻ ብሎ ማን ግማሽ ሰዓት ያነዳል? ቅበሩት።

ሁለተኛው ነገር መድኃኒት ነው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጤና ጣቢያ ለብልሃርዚያ የሚሰጠው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሾች ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ እንዲወስዱት ይመክራል። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይስጠው። የመንደሩ ውሾች በሙሉ በአንድ ቀን ይውሰዱ፣ 2 ቀን ይታሰሩ፣ የጣሉትም ተሰብስቦ ይቀበር፤ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልምና።  ትልን በመድኃኒት ማስወጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ዛሬ ተራው የውሻው ነው።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ አይስላንድን ይመልከት። እሷም ብርዳም፣ የበግና የውሻ አገር ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ይህ በሽታ ክፉኛ ከጠናባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ በዓመቱ ለሕዝብ የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1869 ሕግ ወጣ። ያኔ ፕራዚኳንቴል የሚባል ነገር አልነበረም። የተጣለ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት መቅረቱ በሽታው ከአገሩ እንዲጠፋ ረድቷል።

ውሻውን በመርዝ እንጨርሰው የሚል ደግሞ አደራ፣ ይተው። በጉን ከጅብና ከነብር ማን ይጠብቃል? መርዙ ከውሻው አልፎ ጥንብ አንሳውንና ቀይ ቀበሮውንም ይጨርሳል፤ የሞተው ውሻ ቦታም በወሩ በሌላ ይሞላል።

ቄሶች ሆይ፣ ሰንበቴ ላይ ተናገሩ፤ ቃላችሁ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል። መምህራን፣ ለእረኛ ልጆች ከቁርስ በፊት እጅ በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ መታጠብን አስተምሩ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ለእብድ ውሻ ክትባት ስትወጡ ፕራዚኳንቴሉንም ይዛችሁ ውጡ። የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለት ነገር ወስናችሁ ተነሱ፦ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈርና ውሾቹ የሚታከሙበት ቀን መቼ እንደሆነ። ፋሲካ ሳይደርስ ይሁን።