ችግር ፈቺ ምርምር በአንድ ትምህርት ክፍል አይሠራም

«ችግር ፈቺ ምርምር» የሚለውን ሐረግ የሚቃወም ሰው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በስትራቴጂክ ዕቅዱ ላይ ተጽፏል፤ በዓመታዊው የምርምር ጉባኤ ባነር ላይ ይነበባል፤ እንግዳ ሲመጣም የመክፈቻ ንግግሩ ያለ እሱ አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለዚህ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ደግሞ ስፋታቸውን ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ይህን ያህል፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ይህን ያህል፣ በቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ይህን ያህል ጥናት ተሠራ ይባላል፤ ድምሩ ይነበባል፤ ይጨበጨባል። ሙግቴ ከዚህ ድምር ጋር ነው። ችግሩ አንድ ሆኖ ሳለ ኬሚስቱ የኬሚስትሪውን፣ ሶሺዮሎጂስቱ የሶሺዮሎጂውን፣ የማኔጅመንት መምህሩ የማኔጅመንቱን ቁራሽ ይዞ ወደየቢሮው ከገባ፣ ሦስቱም ትክክል ጽፈው ችግሩ እንደነበረ ሊቀር ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን የመጨረሻ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጤና ጥናቱ «የሚመለከተው አካል ኅብረተሰቡን ቢያስተምር» ይላል፤ የኅብረተሰብ ጥናቱ «የሚመለከተው አካል ቴክኖሎጂ ቢያቀርብ»፤ የገበያ ጥናቱም «የሚመለከተው አካል ትስስር ቢፈጥር»። ይህ አካል አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ግቢ ሁለት ሕንጻ አልፎ የተቀመጠ ባልደረባ ነው።

አንዱን ችግር በትምህርት ክፍል መከፋፈል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከእንዶድ የተሻለ ማስረጃ የለንም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ በቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያልፍ ሰው ላይ አይደርስምና የነገሩ ትርጉም ወዲያው ገባቸው። የእናቶች የቆየ ዕውቀት፣ የተውሳኩ ሕይወትና የወንዝ ዳር ሥራ በአንድ እይታ የተገናኙበት ግኝት ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን በአብዛኛው የላቦራቶሪ ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለየ፤ ስሙም ከአክሊሉ አባት ስም ተወስዶ ለማቶክሲን ተባለ። ዓድዋ ላይ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የግብርና ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን የእንዶድ ዝርያ መርጠው አወጡ፤ ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ በላይ የተሳካ የሳይንስ ሥራ ከየት ይመጣል? ሆኖም ገበሬው ጤፍ ከሚዘራበት ማሳ ላይ ለእንዶድ ቦታ የሚሰጠው በስንት ብር ነው? ፍሬውን ማን ይፈጫል፣ ማን ይገዛል? ወንዙን በየወሩ የማከም ኃላፊነት የቀበሌው ነው ወይስ የጤና ጣቢያው? እነዚህ ጥያቄዎች ከኬሚስትሪው እኩል ክብርም እኩል ባጀትም አላገኙም። «ማን ይፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ በቶሎ የተጠየቀው ባሕር ማዶ ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1990 የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ወደ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፣ ዜብራ መስል የሚባለው ዛጎላም እንስሳ በአካባቢው ሐይቅ ተራብቶ የውሃ ቱቦዎችን እየደፈነ ነበር። እንዶዱ ተሞከረ፣ ሠራ። አክሊሉ ራሳቸው የሙከራው ተካፋይ ነበሩ፤ የፓተንቱ ባለቤት ግን የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ እንዶድ በስፋት ጥቅም ላይ ሳይውል እንዲቀር ያደረገው የአፍሪካን ሳይንስ የማያምን ዓለም እንጂ የትምህርት ክፍሎች አጥር አይደለም የሚል ነው። እውነት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እዚህ የተሠራውን የመርዛማነት ፍተሻ አልበቃኝም ብሎ በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንደገና እንዲሠራ ሲጠይቅ ዓመታት አልፈዋል፤ አክሊሉም ይህን ንቀት በአደባባይ ሲወቅሱ ኖረዋል። ግን እውቅና የሚሰጠው ማን ነው፣ በምን መስፈርት፣ የመድኃኒት ኩባንያዎች ጥቅምስ የት ላይ ይገባል የሚለው ራሱ የምርምር ጥያቄ ነው፤ የሕግ፣ የፖለቲካና የኢኮኖሚ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቢይዘው ኖሮ አንድ የተውሳክ ሊቅ ዕድሜውን ለደብዳቤ ምልልስ ባልሰጠ ነበር። ሁለተኛው መቃወሚያ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል መጥቶ እንዶድን አላስፈላጊ አደረገው ይላል። እንክብሉ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግስቱ እዚያው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን እንደገና ከመያዝ አያድነውም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካሎች የመስክ መመሪያ ማውጣቱ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ይነግረናል።

የጤፉ ታሪክ ደግሞ የሕግና የንግድ ዕውቀት ከሳይንሱ ሲነጠል የሚሆነውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመች። ውሉ በጊዜው በዓለም መድረክ እንደ ምሳሌ ተጠቅሷል። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አስመዘገበ። የፓተንቱ ፍሬ ነገር ሲገለጥ ያስቃልም ያስቆጫልም፤ ጤፉ እንደታጨደ ሳይፈጭ ተቀምጦ ከበሰለ በኋላ ቢፈጭ ዱቄቱ ይሻላል ነው የሚለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ፤ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ በጠቅላላው 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ፓተንቱ በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ሲያጣም፣ ተከራክሮ ያስወደቀው ፓተንቴን ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሌላ የዚያው አገር ኩባንያ ነበር። በጊዜው በጤፍ ዘር ላይ የሠሩ ብቁ ተመራማሪዎች አገራችን ነበሯት። ማሳው ላይ የሚሠራውን የዘር ሊቅ፣ የፓተንት ሕግ የሚያነብ ጠበቃና የአውሮፓን የዱቄት ገበያ የሚያውቅ የንግድ ሰው በአንድ ጥናት ያሰባሰበ አሠራር ግን አልነበረም። ውሉ ደካማ መሆኑ የታወቀው ከተፈረመ በኋላ ነው።

ጨለማውን ብቻ መናገር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ የተወለደው ከሁለት ወላጆች ነው። አንደኛው ብዙ ምርት የሚሰጥ፣ ቀለሙ ግን ገበያ የማይወደው፤ ሌላኛው ምርቱ ያነሰ፣ ነጣ ያለና ገዢ የሚሻማበት። ምርት የሚሰጠው ዝርያ ከዚያ በፊት ለዓመታት ወጥቶ ነበር፤ የምርምር ሪፖርቱም በኩንታል ሲታይ ያኮራ ነበር። ገበሬው ያላነሳው ኩንታሉን ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ እህል ተራ ላይ እፍኝ ጤፍ አንስቶ ቀለሙን የሚያየውን ነጋዴና እንጀራዋን ነጭ የምትፈልገውን የከተማ ሴት አስቦ ነው። አዳቃዮቹ ይህን የገበያ ዓይን እንደ ትርፍ ጉዳይ ሳይቆጥሩ የሳይንሱ ጥያቄ አካል አደረጉት፤ ዘሩንም በገበሬው ማሳ ላይ ከገበሬው ጋር አሳዩት። ቁንጮ በስፋት ተዘራ። እኔ ስፋት የምለው ይህን ነው፤ ጥያቄው ሲቀረጽ ነጋዴውና ጋጋሪዋም ውስጡ ነበሩ።

ጥልቀት ይጠፋል የሚል ስጋት ያላቸው ምሁራን አሉ። ሁሉን የሚነካ ሰው ምንም አያውቅም ይላሉ፤ ለማቶክሲንን የለየው ሁለገብ ሰው ሳይሆን ቀንና ሌሊት ኬሚስትሪ ብቻ የሠራ ባለሙያ ነው። እስማማለሁ። ማንም ኬሚስት ሶሺዮሎጂስት እንዲሆን አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ሶሺዮሎጂስቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ መጠይቅ እንዲበትን ብቻ በመጨረሻው ወር የሚጠራ እንዳይሆን። ነገ ጥቅም ላይ የማይውል ንጹሕ ምርምርም ቦታ አለው፤ የከዋክብት ወይም የግእዝ ብራና ጥናት ገበያ አምጣ ሊባል አይገባም። ነገር ግን እሱ ችግር እፈታለሁ ብሎ ባጀት አልጠየቀም። ድሃ አገር ቅድሚያ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ትስጥ የሚሉትስ? ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ሰባ ሠላሳ በሚለው የተማሪ ድልድል ፖሊሲ ሆኖ ለዓመታት ተሠርቶበታል። ፖሊሲው ስለ ተማሪ ምደባ ቢሆንም ያስተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር፤ ሰባው፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂው፣ ቁም ነገር፤ ሠላሳው፣ ማኅበራዊ ሳይንሱ፣ ማሟያ። እንዶድም የጤፉ ውልም የከሸፉት ግን በሰባው ጉድለት አልነበረም።

አጥሩን የሚጠብቀው ክፉ ሰው አይደለም፤ የደረጃ ዕድገት መመሪያ ነው። መምህሩ ረዳት ፕሮፌሰር ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን የሚቆጠርለት በሙያው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። በጋራ የተጻፈ ሥራ ላይ ስም በበዛ ቁጥር በአብዛኛው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ነጥብ ያንሳል፤ ከሙያው ውጭ ያለ ጆርናል ደግሞ «ይህ የአንተ መስክ ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። በዚህ ሒሳብ ከጠበቃና ከኬሚስት ጋር ሦስት ዓመት የሚለፋ መምህር ሞኝ ነው፤ ብቻውን አራት አጫጭር ጽሑፍ የሚያወጣው ብልህ። ከዚያ ብልሆቹ ሲበዙ እንገረማለን። በተለያየ ሙያ ሰዎች የተሠራ ጥናት ለእያንዳንዱ ተካፋይ ሙሉ ነጥብ ያስገኝ፤ ችግር እፈታለሁ የሚል ፕሮፖዛልም ከሌላ ኮሌጅ አንድ ተባባሪ ተመራማሪ ሳይኖረው ባጀት አይለቀቅለት። ለዚህ አዲስ ሕንጻም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም፤ አንድ የሴኔት ስብሰባ ይበቃዋል።