መኪናው የግል ነው፤ ክብደቱና ዘይቱ ግን የሰፈር ነው

ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የሆናቸው ትልልቅ የመስክ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ላንድ ክሩዘሩ፣ ፓትሮሉ፣ አልፎ አልፎም ላንድ ሮቨሩ በየደጁ ቆሞ ይታያል። ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ደግሞ ኮፋኖው ይከፈታል፤ ክሪኩ ይወጣል፤ አንዱ ከሥር ይገባል፤ ሌላው መፍቻ ያቀብላል።

ስለዚሁ ጉዳይ ለማኅበራችን ሁለት ዓይነት አቤቱታ ደርሶታል። አንደኛው ወገን «መንገዱ ጋራዥ ሆነ፤ ቦዩ ዘይት ብቻ ነው፤ ልጆቻችን የሚጫወቱበት አጡ፤ በጠቅላላው ይከልከልልን» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መኪናዬን በደጄ ብሠራ ማን ምን አገባው? የጋራዥ ሒሳብ ማን ይከፍልልኛል?» ይላል። ጉዳዩ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለሚቀርብ፣ ከዚያ በፊት የዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች ያለንን አስተያየት መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በእኛ አስተያየት ክልከላው ትክክል አይደለም። ሰው አሮጌ መኪና ይዞ የሚቆየው ወዶ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው መኪና እንደ ዓይን ብሌን ቢጠበቅ የሚያስገርም አይደለም። ከዚህም ሌላ እነዚህ መኪኖች ለጥገና የተመቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተሠራው «60» የሚባለው ላንድ ክሩዘርም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ የወጣው «80» ኮምፒውተር ሳይጠይቁ በመፍቻና በካቻቢቴ የሚፈቱ ናቸው። ወጣት ልጅ ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ ዘንድ ሙያ የሚቀስምበት ሥራ በሰፈር ውስጥ ስንት አለ? ይህን አጥፍተን ልጁን ወዴት ልንሰደው ነው?

ነገር ግን ሁለተኛው ወገንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እውነት የለውም። መኪናው የግል ነው። ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ክብደቱ ግን ከክሪክ ላይ ሲንሸራተት የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ዘይቱ ቦይ ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደነበረ አይታወቅም። ፍሬኑ እምቢ ሲል የሚመታው አጥሩን ያጠረውን ሰው ነው። ስለዚህ መነጋገር ያለብን ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ምኑ በቤት ይሠራ፣ እንዴትስ ይሠራ በሚለው ላይ ነው።

በቤት የሚሠራው

ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ የአየር ፊልትሮ ማራገፍ፣ ክሮቸራውን ግራሶ ማጠጣት፣ ባትሪ ማጽዳት፣ ቺንጋ ማየት፣ ጎማ ማፈራረቅ፤ እነዚህን ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ሰው በደጁ ሊሠራቸው ይችላል። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ዘይቱን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጥ ዕድሜ ይሰጠዋል። በብዙዎቹ «80»ዎች ላይ ያለው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል። እርሱም የታይሚንግ ቺንጋው ነው። 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሊለወጥ ይገባዋል። ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይበላሻል። ብዙዎቻችን የያዝናቸው መኪኖች ኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ቺንጋው የተለወጠበትን ቀን በወረቀት ጽፎ ከኮፋኖው ሥር መለጠፍ ብልህነት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለ ራዲያተርም አንድ ነገር እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ያረጀ የራዲያተር ክዳን ቀላል ነገር አይደለም። የፈላ ሞተር ላይ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ መክፈት ደግሞ ፊትን ለእሳት እንደ መስጠት ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ይብረድ፤ ከዚያ በኋላ ይከፈት። ቸኩሎ የከፈተ ሰው ያተረፈው ግማሽ ሰዓት በሐኪም ቤት በሳምንታት ይመለሳል።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም

ከዚህ ርዕሰ አንቀጽ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህንን እንዲያነብ እንፈልጋለን። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይግባ። «ኧረ አንድ ቡሎን ለማጥበቅ ነው» ማለት አይሠራም። ክሪክ ዘይቱ ሊያፈስ ይችላል፤ በኮብልስቶን ላይ ደግሞ እግሩ ይንሸራተታል። መንገዳችን ተዳፋት መሆኑንም አንርሳ።

አሠራሩ ይህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ነው፤ የኋላው ሲነሣ ፍሬኑ አለ ብሎ መተማመን አይገባም። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። መኪናው ሲነሣ ሁለት የብረት ካቫሌቶ ከሻንሲው ወይም ከአክሱ ሥር ይግባና ክብደቱ በእነርሱ ላይ ይረፍ። ከዚያ በኋላ ሰው ከመግባቱ በፊት በእጅ ተገፍቶ ይፈተን። የተፈታው ጎማም በጎን ከሻንሲው ሥር ይተኛ፤ ነገሩ ከከፋ ቦታ ያተርፋል።

በአንዳንድ ደጅ በካቫሌቶ ፈንታ ብሎኬት ሲደረደር እናያለን። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ለግድግዳ እንጂ ለመኪና አልተሠራም፤ ሲሰበርም ምልክት ሳይሰጥ በአንዴ ነው የሚፈረካከሰው። ይህን የምታደርጉ ወንድሞቻችን ዛሬውኑ እንድትተዉት እንለምናለን። ልጆችም ሥራው እስኪያልቅ ወደ መኪናው እንዳይጠጉ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቁም።

ፍሬንና መሪ

የፍሬን ዘይቱ መጉደሉን፣ ሸራው ማለቁን ማየት የባለቤቱ ፈንታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ይመረጣል። ከዚያ ያለፈውን፣ ማለትም ፖምፓውን መፍታት፣ ቧንቧ መቀጠል፣ የመሪ ቴስቲና መለወጥ፣ የሚያውቅ መካኒክ ይሥራው፤ ቢያንስ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ይየው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ «ይይዛል መሰለኝ» የሚባል ፍሬን የለም። በአሮጌ መኪና ከበሮ ውስጥ ያለው የሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር እንዳይነፋ። በውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሄዳል?

ከአንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር በአንድ ጊዜ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ የተቃጠለ ዘይት ይወጣል። ዝናብ ሲጥል በቦያችን ላይ የሚታየው ቀለመ ብዙ ቅባት ይኸው ነው። ከቦያችን ወደ ቀበና ወንዝ፣ ከቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እንደሚለማ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ቦይ ውስጥ የደፋነው ነገር ውሎ አድሮ በገበያ ዘንቢል ተመልሶ ወደ ማጀታችን ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽም እንዲሁ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል። መርዝ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ እንደሆነ በብዙ ውኃ ሳይሆን በአፈር ወይም በሰጋቱራ ተመጥጦ ይነሣ። እጅን በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብም ይቅር፤ ለዚህ ሳሙናና ሰጋቱራ ይበቃል።

ማሻሻል ወይስ ማባባስ?

አሁን አሁን መኪናን ማሳደግና ማሳመር ፋሽን ሆኗል። ሞላውና ባሊስትራው ከፍ ይላል፤ ጎማው ይተልቃል፤ ፖርቶ መጋላው ይጫናል፤ መብራቱ ይበዛል። ሁሉም ክፉ ነው አንልም። ገጠር ለሚወጣ ሰው ከፍታ ይጠቅማል። ግን ዋጋ አለው። ከፍ ያለ መኪና በመጠምዘዣ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። የፍሬን ጎማ ቧንቧው ይወጠራል፤ መሪው ይንሳፈፋል። ጎማው በዲያሜትር አሥር ከመቶ ቢተልቅ፣ የፍጥነት ሰዓቱ 80 ሲል መኪናው 88 ይሄዳል። የፊት መብራቱም አብሮ ከፍ ስለሚል ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

«ጉልበት ይጨምርልኝ» ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ማስከፈት ደግሞ በተለይ በከተማችን ከንቱ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የተጨመረለትን ናፍጣ የሚያቃጥልበት አየር ስለማያገኝ ናፍጣው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከኪሳችን የከፈልንበትን ናፍጣ ጎረቤት ልብስ ባሰጣበት ገመድ ላይ መበተን ምን ይባላል? ተጨማሪ መብራት የሚያስገባም ሰው ሽቦውን ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ አይቀጥል። ብየዳ ካለ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ በነዳጅ ጋኑ አጠገብ አይበየድ። እሳት ቢነሣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 መሆኑን ቤተ ሰብ ሁሉ ይወቅ።

ሞተር የሚለውጡ ሰዎችም አስቀድመው ይጠይቁ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና መኪናው ላይ ያለው ካልገጠመ ለቦሎ ሲቀርቡ ጣጣ ነው።

ከማሻሻያ ሁሉ ለሰፈራችን የሚበልጠው ግን ርካሹ ነው። ይህም ወደ ኋላ የምታሳይ ካሜራ ነች። ከረጅም መኪና ኋላ የቆመ የሦስት ዓመት ልጅ በየትኛውም መስተዋት አይታይም። ካሜራ ማስገባት ያልቻለ ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት ወርዶ ይዙር። ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ለስብሰባው የምናቀርበው

ከላይ በገለጽናቸው ምክንያቶች ለጠቅላላ ስብሰባው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ በደጅ መኪና መሥራት አይከልከል፤ ነገር ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይሁን፤ መንገድም አይዘጋ።

2ኛ/ ማኅበሩ ከመዋጮው አራት ካቫሌቶና አራት ታኮ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ። የሚፈልግ አባል በነፃ ተውሶ ይመልስ።

3ኛ/ በማኅበሩ ግቢ ክዳን ያለው በርሜል ለተቃጠለ ዘይት ይቀመጥ። ሲሞላ በርሜል አጠራቅመው ለሚያስረክቡ ጋራዦች ይሰጥ። ውኃም ቤንዚንም እንዳይቀላቀልበት።

4ኛ/ ዘይት በቦይ የደፋ አባል ቦዩን ራሱ ያጽዳ። ደግሞ ከተገኘ ስብሰባው ይወስንበት።

5ኛ/ በሰፈራችን ያሉ መካኒኮች በወር አንድ እሑድ ወጣቶችን እንዲያስተምሩ ይጠየቁ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ቅሬታ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ቦዩ ሲጸዳ ያያሉ፤ ባለ መኪናዎቹም በሰላም ይሠራሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከምንሰበሰብ ሳይደርስ እንሰብሰብ። ሁላችሁም በስብሰባው ላይ እንድትገኙ፣ ሐሳባችሁንም በግልጽ እንድትሰጡ እናሳስባለን። እስከዚያው ግን ካቫሌቶ የሌለው ሰው ከመኪና ሥር እንዳይገባ አደራ እንላለን።