ክዳን የሌለው በርሜል

ወባ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ክረምት ሲወጣ የሚመጣ የገጠር በሽታ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በ2014 ዓ.ም. ግን በደረቁ ወራት ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ወባ ተነሳ። ታናሽ ወንድሜም ታመመ። እናቴ «ልጄ የት ሄዶ ነው የተነከሰው?» ትል ነበር። የትም አልሄደም። ትንኟ የነበረችው እኛው ግቢ ነው።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. ቀብሪደሃር ላይ ነው። ይቺ ትንኝ ዝናብና ረግረግ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። በኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ቤት የለም። የኛው ክዳን አልነበረውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ወባን መከላከል የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። አጎበር ማደሉንና ቤት መርጨቱን እስማማለሁ። በርሜል ለመክደን ግን ማንን ነው የምንጠብቀው? እናቴ «በስንት ልፋት የተቀዳ ውሃ እንዴት ይደፋል?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። እኔም ድፉት አልልም። በየሳምንቱ ልብስ እጠቡበትና አሟጡት፤ እጩ ትንኝ ሆኖ ሳይበር ያልቃል። ትኩሳት የያዘው ሰው ካለም በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማረውም የታደለውን አጎበር ቁጥር ብቻ መጻፍ አይበቃንም። ግቢ ገብተን በርሜሉን እንይ። ከራሳችን ቤት እንጀምር።