ሐውልት የተቀረጸለት፣ ማደሪያ ያጣ

ሰሞኑን የማይክ ዌብስተርን ታሪክ ደግሜ ሳነብ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣኝ። ለመሆኑ አንድን ሰው በሐውልት ያከበረ ተቋም፣ ያው ሰው በአገልግሎቱ ላይ ስለ ደረሰበት ጉዳት ሲጠየቅ ፊቱን ማዞር ይችላልን?

ዌብስተር ከ1974 እስከ 1988 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለፒትስበርግ ስቲለርስ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ አራት ጊዜ የሱፐር ቦውል አሸናፊ ሆኗል። በካንሳስ ሲቲ ካሳለፋቸው ሁለት ዓመታት ጋር 17 የውድድር ዘመናት መሆኑ ነው። ቦታው «ሴንተር» ነበር፤ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ አቀብሎ፣ በዚያው ቅጽበት ፊቱ ከቆመው ግዙፍ ተጋጣሚ ጋር ይላተማል። ይህን በልምምድና በግጥሚያ እጅግ ብዙ ጊዜ ደጋግሞታል።

ጨዋታ ካቆመ በኋላ አእምሮው ከዳው፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ብዙ ሌሊት መኪናው ውስጥ አደረ። በ1997 ካንተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ምስሉ የቆመለት ይኸው ሰው ነው። በ2002 በ50 ዓመቱ ዐረፈ።

አስከሬኑን የመረመሩት ናይጄሪያዊው ተወላጅ ዶክተር ቤኔት ኦማሉ፣ ከተደጋጋሚ የራስ ምት ጋር የተያያዘውን ሲቲኢ የተባለ የአንጎል በሽታ አገኙበት። ግኝታቸው በ2005 ሲታተም፣ ሊጉ ባቋቋመው የጭንቅላት ጉዳት ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ። የዚህ ኮሚቴ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሐኪም እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የቡድን ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ የሚያስተዳድሩት የጡረታ ቦርድ፣ ዌብስተር በራስ ጉዳት ምክንያት ሥራ መሥራት እንደማይችል በ1999 አምኖ ነበር። ሆኖም ፍጹም አካል ጉዳተኛ የሆነው ጨዋታ ካቆመ ከዓመታት በኋላ ነው በማለት ዝቅተኛውን ክፍያ ወሰነለት። ቤተሰቡ ተከራክሮ በይግባኝ ፍርድ ቤት የረታው በ2006 ነው፤ እርሱ ከተቀበረ ከአራት ዓመት በኋላ።

«ወዶ የገባበት ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። ሰው ወዶ ገባ የሚባለው ግን የሚጠብቀውን አደጋ ሲያውቅ ነው። ጉዳቱን በጡረታ መዝገብ አምኖ በሕክምና መጽሔት የሚክድ ሥርዓት ለተጫዋቹ ምን ምርጫ ተወለት? በእኔ እምነት ተከሳሹ ራሱ መርማሪም ካሣ ቆራጭም በሆነበት ቦታ፣ ዋንጫና ሐውልት የዝምታ ዋጋ ከመሆን አያልፉም።

በ2016 አንድ የሊጉ ባለሥልጣን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት መኖሩን አመኑ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለዌብስተር ግን ሌሊቱ ሳይነጋ መሸበት።