መርፌ የምታህለው የግሽ ዓባይ ነዋሪ

የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬ ማርኬቲንግ። ካሜራ የምይዘውም ለቢሮ ሥራ ነው፣ የሳሙና ካርቶን ምን የመሰለ አድርጌ አነሳላችኋለሁ። ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነፍሳት ማንሳት የጀመርኩት ግን በልጄ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት፣ አጎቴን ልንጠይቅ ሰከላ ሄድን። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ቲሊሊ አስፋልት ነው። ወደ ግሽ ዓባይ ከታጠፋችሁ በኋላ መንገዱ ወገብ ይፈትሻል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) እዚህ የደረሰው በዚሁ በጥቅምት ወር ሲሆን፣ የዓባይን ምንጭ ረግረግ መሀል እንዳገኘው ጽፏል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከ152 ዓመት በፊት ቀድሞት ነበር። ጸበሉ ጋ ካሜራ ይዤ አልተጠጋሁም። የእኛ ታሪክ ከአጎቴ ማሳ ግርጌ ካለው ረግረግ ነው።

የ7 ዓመቷ ልጄ ናት ያየቻት። «አባዬ፣ መርፌ ትበራለች!»

እውነትም ጥቁር መርፌ ትመስላለች፤ ጭራዋ አካባቢ ደማቅ ሰማያዊ። የውሃ ተርብን ታውቁታላችሁ፣ ሲያርፍ ክንፉን እንደ አውሮፕላን ይዘረጋል። ዳምዝልፍላይ የምትባለው ቀጭኗ ዘመዱ ግን ብዙውን ጊዜ ክንፏን ጀርባዋ ላይ ገጥማ ነው የምታርፈው። ዓይኖቿም ግራና ቀኝ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ማንበብ ጀመርኩ። ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ ዳወ ዳይክስትራ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን የውሃ ተርቦችና ዘመዶቻቸውን መዝግበዋል፤ 100 ገደማ ዝርያ ነው። ከእነዚህ መካከል ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኙ አሉ። አንዷ ስሟ ራሱ አገሯን ይናገራል፦ ኢስክኑራ አቢሲኒካ። የእኛዋ እሷ ትሆን? ወይስ ከአፍሪካ እስከ ጃፓን የተሰራጨችው የተለመደችዋ እህቷ፣ ኢስክኑራ ሴኔጋለንሲስ?

መልሱ ያለው ወንዱ ጭራ ጫፍ ላይ ነው። ሲገናኙ ሴቷን ከጭንቅላቷ ሥር የሚይዝባት ትንሽ መቆንጠጫ አለችው፤ ቅርጿ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የእኔን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ዓይኑ ፍንትው ብሏል፣ ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ጭራው ደብዝዟል። በማርኬቲንግ ቋንቋ፣ የምርቱን ስም የቆረጠ ማስታወቂያ!

በዓመቱ ተመለስን። አሁን ብልሃቱን ይዣለሁ። ጎህ ሲቀድ መሄድ ነው፤ የሰከላ ብርድ ስለሚያደነዝዛቸው ፀሐይ እስክታሞቃቸው ድረስ ጤዛ ለብሰው ሣር ላይ ይቆያሉ። ጥላችሁን አታጥሉባቸው። ካሜራውን ከጎን፣ ከሰውነቷ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ስትይዙ ከራስ እስከ ጭራ ትጠራለች። ስልክም ይበቃል። ልጆችን ውሰዱ፣ ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል፤ ቦት ጫማም አትርሱ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ልጄ ሦስት አገኘች፣ እኔ አንድም። ያገኘቻቸው ሦስቱም ሴቶች ይመስሉኛል፤ መቆንጠጫ የላቸውም።

አጎቴ ከብቶቹን ሲነዳ መጥቶ ቆሞ አየን። «ይቺን ነው እንዴ ስትፈልግ የምታድረው? እሷማ ሁሌ አለች።» ከዚያ ረግረጉ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬቱን ባሕር ዛፍ ሊያለብሳት ማሰቡን ነገረኝ።

ደነገጥኩ። የዳምዝልፍላይ እጭ የምታድገው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጭራዋ ላይ ባሉ ቅጠል በሚመስሉ 3 ስንጥቦች እየተነፈሰች፣ የትንኝ እጭ እየበላች። ባሕር ዛፍ ደግሞ ውሃ መጣጭ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። «ረግረጉ ከደረቀ መሄጃ የላትም፣ ጋሼ» አልኩት።

«የእኔ ልጆችስ መሄጃቸው በምን ነው? ደብተር አትገዛላቸው።»

መልስ አልነበረኝም። ማታ በስልኬ ካልኩሌተር አጣናውን አብረን አሰላን። ሒሳቡ ያዋጣል፤ ዋሽቼ አያዋጣም ማለት አልቻልኩም። አክስቴ ብቻ፣ ቡናውን እየቀዳች፣ «ክረምት ሲወጣ የከብቶቹ ሣር ከየት ሊመጣ ነው?» አለች። አጎቴ ዝም አለ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ እንደውላለን። ልጄ ስልኩን ከእጄ ትቀማና መጀመሪያ የምትጠይቀው «መርፌዋ አለች?» ብላ ነው። ባለፈው የነገራት፣ ችግኙን ከላይኛው ማሳ ላይ መትከሉን ነው። የታችኛውን ገና አልወሰነም።