ሃምሳ ማለት ግማሽ አይደለም

በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ ከሥራ መልስ ወደ ቤቴ ጎራ አለች። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራች እናት ናት። የመኪናዎቹ ጩኸት ጆሮዋን ስለጎዳባት፣ ሰው ሲያነጋግራት ቀኝ ጆሮዋን አስጠግታ ነው የምትሰማው። ያን ዕለት ያመጣት ግን የ14 ዓመት ልጇ ጉዳይ ነበር። ልጁ ማዳመጫ አጥልቆ ከኮምፒዩተር ፊት ሲያመሽ ይቆይና ሊተኛ ሲል «ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» ይላታል።

«ቁጥሩን እኮ አይቼዋለሁ እህቴ፤ 50 ላይ ነው፤ ግማሽ ነው። አጥልቄ እንዳልሰማው ደግሞ ለእኔ ሁሉም ቀስ ያለ ነው» አለችኝ።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ስሕተት የእሷ ብቻ አይደለም። ከ0 እስከ 100 የሚሄደው ቁጥር ጆሮ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ አይለካም። 100 ማለት መሣሪያው ድምፁን ሳይቀንስ ያሳልፋል ማለት ነው። በድምፅ ባለሙያዎች መሣሪያ ላይ ይኸው ጫፍ 0 ዴሲቤል ይባላል፤ ከዚያ በታች ያለው በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። 0 ሲባል ጸጥታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ሐኪም የሚናገረው ዴሲቤል ግን መነሻው ሌላ ነው፤ ይኸውም ጤነኛ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። በዚህኛው ልኬት ተራ ጭውውት 60 ያህል ይሆናል። በመሆኑም 50 ላይ የቆመ መስመር በአንዱ ማዳመጫ ለስላሳ፣ በሌላው ጎጂ ሊሆን ይችላል።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 3 ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ፣ 10 ሲጨምር 10 እጥፍ፣ 20 ሲጨምር 100 እጥፍ ይሆናል። ጆሯችን ግን የ10ሩን ጭማሪ እጥፍ ያህል ብቻ አድርጎ ይሰማዋል፤ የሚያታልለንም ይኸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ወሰን 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀነስ፣ 78 ላይ 20 ሰዓት፣ 85 ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

(ዴሲቤል ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ።)

እሑድ ቤቷ ሄድኩ። የኮምፒዩተሩ መስመር 50 ላይ ነው፤ የቪዲዮው ራሱን የቻለ መስመር ግን እስከ ጫፍ ተገፍቷል፤ እናቱ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነበር። ልጁ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ በክንድ ርቀት ቆሜ እንደወትሮው ድምፄ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። እስኪሰማኝ ድረስ ራሱ ቀነሰው። ጎዳና ላይ የቆመ ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ ለምን ከፍ እንደሚያደርገውም ነገረኝ፤ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አራቅነው። በየ1 ሰዓቱ ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮውን ሊያሳርፍም ተስማማ።

ጩኸቱ ሲመላለስ የቆየ በመሆኑ ግን ወደ ጆሮ ሐኪም እንድትወስደው ነገርኳት።

«ከሄድኩ አይቀር እኔም እታያለሁ» አለች።