ማይግራንት አይደለንም!

ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ዛሬ ላውጣው።

ባለፈው አንዲት እህታችን እዚህ ናይሮቢ ወረቀቷን ይዛ «አንብብልኝ» ብላ መጣች። ኢንተርቪው ላይ «ስደተኛ ነኝ» ብላለች። አስተርጓሚው «ማይግራንት» ብሎ አለፈው። ቤቷ ተቃጥሎ የወጣች ሴት እንጀራ ፍለጋ እንደመጣች ተጽፋለች። ሪጀክት ተደረገች።

«ያው አይደል?» የሚሉኝ አሉ። ያው አይደለም! ማይግራንት ለሥራም ይሁን ለትምህርት አገሩን ለቆ የሄደ ሁሉ ነው። ስድብ አይደለም፤ ቤሩትና ዱባይ የሚለፉ እህቶቻችን ክብር ይገባቸዋል። ሪፊዩጂ ግን ቢመለስ አደጋ የሚጠብቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ወደሚሰጋበት አገር እንዳይመለስ ይከለክላል። በ1969 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዲስ አበባችን ላይ ትርጉሙን አሰፋው፤ ከወረራና የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ካናጋ ሁከት የሸሸም ሪፊዩጂ ነው። «ማይግራንት» የሚለው ስም ብቻውን ይህን ከለላ አያሰጥም።

ሌላዋ የምታናድደኝ «ኢሊጋል» ናት። ከኛው አፍ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል፤ «እኔ እኮ ኢሊጋል ነኝ» ይላል ልጁ። ያለ ቪዛ ድንበር መሻገር ድርጊት ነው፤ ሰው ግን ኢሊጋል አይሆንም። የዚያው ስምምነት አንቀጽ 31 ከአደጋው በቀጥታ መጥቶ፣ ሳይዘገይ ራሱን ያሳወቀና በቂ ምክንያት ያቀረበ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ስለገባ ብቻ እንዳይቀጣ ይላል።

«ቋንቋ ይለወጣል፣ ምን አጨቃጨቀህ?» ትሉኛላችሁ። ይለወጥ! የኛ ኬዝ የሚወሰነው ግን ሕጉ ላይ ባለው ትርጉም እንጂ ቲቪ ላይ በሚባለው አይደለም።

ጥፋቱ የሌላው ብቻም አይደለም። አማርኛችን ለሥራ የሄደውንም ከሞት የሸሸውንም «ስደተኛ» ይላል። ስለዚህ ኢንተርቪው ስትገቡ «ስደተኛ ነኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ማን እንዳሳደዳችሁ፣ ብትመለሱ ምን እንደሚደርስባችሁ ዘርዝሩ። ከመፈረማችሁ በፊት መልሰው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚው ካላግባባችሁ እዚያው ተናገሩ፤ ነውር የለውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችንም ስለኛ ስትጽፉ በስማችን ጥሩን።

እህታችን ይግባኝ ብላለች፤ በጸሎት አስቧት። ነገ ኢንተርቪው ላለበት ሰው ሼር አድርጉለት።